ጋዝ በሀሁ አይሄድም

አያ አዛናው ማረፉን የነገረችኝ ባለቤቱ እትዬ እናኑ ናት። ጧት ነው፤ ክፍል ልገባ ጠመኔ ይዤ በረንዳው ላይ ቆሜአለሁ። «መምህርት፣ ሰውዬው ሄደ» አለችኝ በስልክ። ተማሪዎቹን አሰናብቼ ወደ ልቅሶው ስሄድ በልቤ «ተገላገለ» አልሁ። እውነቱን ለመናገር የተገላገልሁት እኔ ነበርሁ። አምስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ሊነግረኝ ሲታገል ከርሟል፤ እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቀርቷል። ከእንግዲህ በዚያ ዓይኑ አያየኝም ብዬ ነው ቀለል ያለኝ። ሰው ሲሞት የሚታሰበው ነገር አንዳንዴ ያሳፍራል።

የተዋወቅነው አዘዞ ባለች አንዲት ትንሽ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። እኔ አማርኛ አስተምራለሁ፣ እሱ ቧንቧ። የቆላ ድባ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ በመተማ ተሻግሮ ሱዳን ገባና ዕድሜውን በነዳጅና በጋዝ መሥመር ላይ በያጅ ሆኖ ጨረሰው። ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ጥቁር ደብተርና እስከ ክርኑ ድረስ የተቃጠለ ግራ ክንድ ነው። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብዬ ሳናግረው ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። «ከኋላዬ ማን ቆሞ ነው?» አለኝ። «አያ በይኝ፣ ይበቃል።» ስለዚህ ዛሬም አንቱ አልለውም፤ የሚቆጣኝ ይመስለኛል።

ጎንደር ውስጥ የጋዝ ቧንቧ የለም። ነዳጁም ቢሆን በቦቴ መጥቶ ባጃጆቹ ተሰልፈው ሳያበቁ ያልቃል። ግን በምሥራቅ በረሃ በኩል የጋዝ ሥራ ተከፍቶ ሠራተኛ ይፈለጋል ተባለ፤ የማሠልጠኛውም ባለቤት ነገሩ ሳይቀዘቅዝ ትምህርቱን ከፈተው። አያ አዛናው ከወዳደቀ የውኃ ቱቦ ከአጥር እስከ አጥር የሚደርስ መለማመጃ መሥመር ሠራ። ጋዝ ስለሌለን በውኃ ይሞላል፤ ግፊት ሲያስፈልገን ከአዘዞ ጎሚስታ የጎማ መንፊያ ማሽኑን ለምነን እናመጣለን። ጎሚስታው እየሳቀ ነበር የሚሰጠን። «ዛሬ ደግሞ የማንን ማኪና ልትነፉ ነው?» ይለናል።

በክፍሉ ውስጥ አንድ ቃል ክልክል ነበር፤ እንትን። እኛ ደግሞ ያለ እንትን መኖር የማንችል ሰዎች ነን። ቁልፉም እንትን ነው፣ ጎረቤቱም እንትን፣ የረሳነውም ያልረሳነውም ሁሉ እንትን። አንዱ ሠልጣኝ «አያ፣ እስቲ እንትኑን አቀብለኝ» ሲል አያ አዛናው ኮፍያውን ያወልቅና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የዕቃው ስም እስኪጠራ ድረስ አይመለስም። ልጁ «ፒንሳውን» ካለ በኋላም ቅጣት አለበት፤ አንድ እንትን አንድ ጀሪካን ውኃ ነው። የግቢው ውኃ በሳምንት አንድ ቀን ብትመጣ ነው፤ መለማመጃው መሥመር ካልሞላ ደግሞ ትምህርት የለም። እናም መሥመሩ የሚሞላው እታች ካለው ቦኖ በእንትን ቅጣት እየተቀዳ ነበር። የቋንቋ መምህርቷ እኔም ሦስት ጀሪካን ተሸክሜአለሁ፤ አንዱን በጾም፣ በባዶ ሆዴ።

ሌላም ልማድ ነበረው። ቫልቭ ከመንካቱ በፊት መዳፉን ቧንቧው ላይ ያሳርፍና ትኩሳት እንደሚያይ ሰው ዝም ይላል። ከዚያ የቧንቧውን ስም፣ የቫልቩን ስም፣ በውስጡ ያለውን ነገር ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። ሠልጣኞቹ «አያ ክርስትና ሊያነሣ ነው» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን አይስቅም። «ስሙን ያልጠራሁትን ነገር አልነካም» ይላቸዋል።

የአማርኛ ስም ያልወጣለት ዕቃ ሲያጋጥመው ይጠራኛል። ዕቃው ምን እንደሚሠራ ይነግረኛል፣ እኔ ቃል አቀርባለሁ፣ እሱ ይጥላል። ሲጥል አንጀቴ ቢያርርም ብዙውን ጊዜ ልክ ነበር። ጋዙ ከየጉድጓዱ ተለቃቅሞ የሚመጣበትን ቀጭን ቱቦ «ለቃሚ» አልነው፤ አገር አቋርጦ የሚሄደውን ወፍራሙን «አጓዥ»፤ ከተማ ገብቶ ለየቤቱ የሚያዳርሰውን «አዳይ»። ጋዙ መንገድ ላይ ሲደክም እየጨመቀ የሚገፋው ጣቢያ «መግፊያ» ተባለ። ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ዝቃጩን እየጠረገ የሚሄደውን ዕቃ ፈረንጆቹ በአሳማ ስም ይጠሩታል፤ ሲያልፍ ስለሚጮህ ነው አሉ። ይህን ሲናገር አንዲት ሠልጣኝ «ኧረ አያ፣ በዐቢይ ጾም አሳማ አታስነካን» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀና «ጠራጊ» አልነው።

ከሁሉ የሚወዳቸው ሁለት ስሞች ግን ማገጃና ማስተንፈሻ ነበሩ። ማገጃ ትልቁ ቫልቭ ነው፤ ሲዘጋ ጋዙ አያልፍም። ማስተንፈሻ ትንሹ ነው፤ ሲከፈት በቧንቧው ውስጥ ታግዶ የቀረውን ጋዝ ወደ ሰማይ ይለቃል። ቧንቧ የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ማገጃውን ይዘጋል፣ ቀጥሎ ማስተንፈሻውን ይከፍታል፣ መለኪያው ባዶ ሲያሳይ ብቻ መፍቻውን ያነሣል። በየቀኑ ትምህርቱ የሚጀመረው በዚህ ነው። «ይህን የሳተ ሰው ሁለተኛ የመሳት ዕድል የለውም» ይል ነበር።

ስሞቹ ሲበዙ ከነትርጉማቸው በኮምፒውተር ጽፌ ላዘጋጅለት ደብተሩን ተቀበልሁት። እሱ ስሞቹን የደረደረው በጋዙ መንገድ ነው፤ ከጉድጓዱ ተነሥቶ፣ በለቃሚው፣ በአጓዡ፣ በመግፊያው አልፎ ከሰው ምድጃ ላይ ያበቃል። እኔ ይህን አልወደድሁትም።

«መዝገበ ቃላት በፊደል ተራ ነው የሚደረደር፣ አያ።»

«ጋዝ በሀሁ አይሄድም፣ እታለም።»

«ቃል ፈላጊ ግን በሀሁ ነው የሚፈልግ።»

በቋንቋ ነገር ተከራክሮ እንደማይረታኝ ያውቃል፤ እኔም መርታት እወዳለሁ፣ ይህ የቆየ በሽታዬ ነው። ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሣሁ በፊደል ተራቸው አስቀመጥሁ። ሲያልቅ ወረቀቱን አመጣሁለት፤ ማሠልጠኛው ያለ መምህሩ ፊርማ አያባዛም። መነጽሩን እንኳ ከኪሱ ሳያወጣ ፈረመበት። «አንቺ የጻፍሽውን እኔ ላርም?» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ኮራሁ።

በዚያው ሰሞን ከአዘዞ እኔ ወደምኖርበት ወደ ማራኪ ሰፈር አብረን ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብሎ ሰልፍ ያዘ። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ፤ እኛ ሁለታችን ቀረን። ለጨዋታ ያህል «ምነው አያ፣ እንትን ላይ እንዲህ የጨከንህ?» አልሁት። ማደያው ላይ የተንጠለጠለውን ቱቦ ያይ ነበር።

«ፈንታ የሚባል የጭልጋ ልጅ ነበር» አለ። «ሸጋ ልጅ። መሥመር ልንጠግን እኔ እላይ ነኝ፣ እሱ እታች ቫልቮቹ ዘንድ። ድንገት ጋዝ ሸተተኝ። ጮህሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እንትኑን ዝጋው! እንትኑን!»

የተቃጠለ ክንዱን በሌላው እጁ አሸት አሸት አደረገው።

«ሁለት ነበሩ፣ እታለም። ሮጦ አንዱን ዘጋ። ስሙን አጥቼው አይደለም፤ እንደ አባቴ ስም አውቀዋለሁ። ምላሴ የለመደው ግን ያንን ነው።»

«ነፍስ ይማር» አልሁ፤ ከዚያ በላይ ምን ይባላል። ወረፋው ሳይደርሰን ነዳጁ አለቀና ሾፌሩ ወርዳችሁ ሂዱ አለን። እስከ ማራኪ በእግራችን ሄድን።

ትምህርቱ ሲያልቅ አራት ሠልጣኞች ተመርጠው ወደ በረሃው ሥራ ተጠሩ። የበላያቸው ጌታሰው ነው፤ የደንቢያ ገበሬ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ኮርሱን ሙሉ አንድ ጀሪካን ያልተቀጣ። መናኸሪያ ሄደን ሸኘናቸው። አራቱም የስሞቹን ወረቀት በላስቲክ አሽገው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። አያ አዛናው አንድ በአንድ አቀፋቸውና «ስትጠራጠሩ አፋችሁንም ጭንቅላታችሁንም አትመኑ፤ ወረቀቱን እዩ» አላቸው። አውቶቡሱ ሲወጣ አለቀሰ። እንዲያ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ መጀመሪያዬ ነው።

ልጆቹ በሄዱ በሦስተኛው እሑድ ወደቀ። እትዬ እናኑ እንደነገረችኝ ጓሮ ሆኖ በስልክ ሲያወራ ቆየ፤ ከማን ጋር እንደነበር አላወቀችም። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ገባና አፉን ከፈተ፣ ቃል ሳይወጣው ተዘረጋ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ ተያዘ፤ ምላሱም ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ያወጣነውና የጣልነው ስም ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ተረፈው።

«እንትን» አለኝ ልጠይቀው በሄድሁ ዕለት።

የሰማሁትን ማመን አልቻልሁም። «ውኃ ነው አያ?» አልሁት። «እንትን።» «ትራሱ ከፍ ይበል?» «እንትን! እንትን!» የሚለውን እየሰማ እሱ ራሱ ያፍራል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እትዬ እናኑ እያለቀሰች ሳቀች። «በራሱ ሕግ ቢቀጣ ይኼኔ አንገረብ ግድቡ ይሞላ ነበር» አለች። እኔም ሳቅሁ፤ ወጥቼ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስሁ።

ለልጆቹ ልንነግራቸው ብዙ ደወልን። አንዴ በእኛ በኩል ኔትወርክ ይጠፋል፣ አንዴ በእነሱ። አንድም ቀን አልተገናኘንም።

በየሦስት ቀኑ እየሄድሁ አጠገቡ እቀመጣለሁ። የፊደል ገበታ ወሰድሁለት፤ አየውና ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊደሉ ሁሉ ተደባልቆበታል። በአራተኛው ሳምንት የስሞቹን ወረቀት ይዤለት ሄድሁ፤ ቃል ይመልስለታል ብዬ ነው። ገና ሲያየው በግራ እጁ ነጠቀኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ጣቱን ተክሎ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይመላልስ ጀመር። «እንትን! እንትን!» ይላል፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ጣቱ ያረፈበትን አነበብሁለት። «ማስተንፈሻ? ማገጃ? አዎን፣ ስማቸው ልክ ነው አያ፣ አልረሳሃቸውም፣ ጎበዝ» አልሁት፤ እንደ ሕፃን አሞካሸሁት። ያኔ ያየኝ አስተያየት ከዓይኔ አይጠፋም።

ወረቀቱን ጣለው። በድን የሆነውን የቀኝ ጣቱን በግራ እጁ አንሥቶ ደረቱ ላይ አኖረና የግራ ጣቱን አግድም አሳለፈበት። ደግሞ አቀያየራቸው፤ የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች። እያየኝ፣ ደጋግሞ።

እትዬ እናኑ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «መስቀል ነው! ቄስ ነው የሚፈልገው፤ መናዘዝ ነው ያማረው ምስኪን!» አለች። እኔም አዎን አልሁ። ስንት ነገር አውቃለሁ ባይዋ እኔ፣ አዎን መስቀል ነው አልሁ። ሰው ተልኮ የንስሐ አባቱ መጡ፣ ጸሎት አደረሱለት፣ መስቀላቸውን አሳለሙት። እሱም ተሳለመና እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። «አያችሁ፣ ልቡ ዐረፈ» አሉ አባ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት፤ እትዬ እናኑ ሥራውን እያስታወሰ እንዳይጨነቅ ደግመሽ አታምጪው አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጣቱን አላነሣም። በሳምንቱ ዐረፈ።

በሠልስቱ እትዬ እናኑ ጥቁሩን ደብተር ሰጠችኝ። «አንቺ ታውቂበታለሽ» አለች። ማራኪ ቤቴ ገብቼ ከኔ ወረቀት ጎን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርሁ። በእሱ ደብተር ማገጃ አጓዡ ዘንድ ነው፣ ማስተንፈሻ ከሦስት ገጽ በኋላ ጥገናው ዘንድ። ሁለቱም በማ ስለሚጀምሩ እኔ አቀራርቤ ጎረቤት አድርጌአቸዋለሁ። ሳቀራርባቸው ስሞቹን አዛውሬ ትርጉማቸውን ከቦታቸው ትቼዋለሁ። የኔ ወረቀት ማስተንፈሻን አስቀድሞ የሚዘጋ ትልቅ ቫልቭ ይለዋል፤ ማገጃን ቀጥሎ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ።

አግድም ያሳለፋት ጣቱ የገባችኝ ያኔ ነው። ተዛውረዋል እያለኝ ነበር። እኔ ቄስ ጠራሁለት።

ግን ለሐዘን ጊዜ አልነበረኝም። አራት ልጆች ያንን ወረቀት በደረታቸው ይዘው እውነተኛ ጋዝ ዘንድ ናቸው። ከመለማመጃው ያውቁታል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርሁ፤ ያ የውኃ ቱቦ ግን ትልቅና ትንሽ ቫልቭ የለውም፣ ሁሉም እኩል ነው። አፋችሁን አትመኑ፣ ወረቀቱን እዩ ተብለዋል። መደወል ጀመርሁ። በእረፍት ሰዓት፣ በሚኒባስ ውስጥ፣ ቅዳሴ አቋርጬ እየወጣሁ ደወልሁ። ማግኘት አይቻልም የምትለዋ ድምፅ ብቻ ትመልስልኛለች። መልእክት ላክሁ፤ አልደረሰም። የማሠልጠኛው ባለቤት የኩባንያውን ስልክ ፈልጎ ሰጠኝ፤ ያነሣችው ሴት ጉዳዩን በደብዳቤ አቅርቢ አለችኝ። እጄ ታስሮ ሰው ሲሰጥም የማይ ያህል ነበር።

እሑድ ረፋድ ላይ የጌታሰው ስልክ ጠራ፣ አነሣው።

«ጌታሰው፣ ወረቀቱን ጣሉት! ማገጃና ማስተንፈሻ ተዛውረዋል። የኔ ስሕተት ነው፣ ሁላችሁም ጣሉት!»

«አውቀናል መምህርት» አለኝ በዚያ ቀስታው። እንደደረሱ ሰሞን አለቃቸው ፊት ወረቀቱ እንደሚለው ሊያደርግ ሲል ሰውዬው እጁን ቀብ አደረገው። ማንም አልተጎዳም። ጌታሰውን ግን ከቧንቧው ሥራ አንሥተው የአጥር ጠባቂ አደረጉት። «ምንም አይደል፣ እሱም ሥራ ነው» አለ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ተመስገን አልሁ፣ ደጋግሜ ተመስገን አልሁ።

«ለአያ እኮ ያኔውኑ ነግሬው ነበር» አለ ጌታሰው። «በሦስተኛው እሑድ ደወልሁለት። ተናድጄ ስለነበር ክፉ ተናገርሁት። አንተን አምኜ ሰው ልፈጅ ነበር አልሁት።»

«ምን አለህ?» አልሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላነብ ፈርሜአለሁ አለ። ለመምህርት እንዳትነግሯት፣ ትሰበራለች፣ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አለ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ይቅርታ ልለው ነው የፈለግሁት፤ በጣም ተቀይሞኛል መሰለኝ። እባክዎ ስልኩን እንዲያነሣልኝ ይንገሩልኝ።»

ከመስኮቱ ውጭ የሰፈር ልጆች እየተሳሳቁ ያልፋሉ።

«አልተቀየመህም፣ ልጄ። አያ አዛናው አርፏል። ዐሥር ቀን ሆነው።»

በስልኩ ውስጥ ከነፋሱ ጋር ሲያለቅስ ሰማሁት፤ አፉን በእጁ ይዞ እንደሚያለቅስ ሰው ነው። ቆይቶ ጠየቀኝ።

«ምን ሆኖ? መቼ ታመመ?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። እውነቱን፣ ከሱ ጋር በስልክ አውርቶ እንደጨረሰ መውደቁን፣ ብነግረው የዚያን ዕለት ንግግሩን ዕድሜውን ሙሉ ሊሸከመው ነው። ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው። ሳላስብ ወጣኝ፦ «ቆይቷል፣ ጌታሰው። እናንተ በሄዳችሁ በሳምንቱ ነው የወደቀ። ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።»

«በሳምንቱ?» አለ። የሚቆጥር ይመስላል። «እኔ የደወልሁለት በሦስተኛው እሑድ ነው እኮ። ያኔ ደህና ነበር። ሲያናግረኝ ደህና ነበር፣ መምህርት።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት መሥመሩ ተቋረጠ። ወዲያው መልሼ ደወልሁ፤ ማግኘት አይቻልም አለችኝ። ማግስቱንም እንደዚያው፤ ሳምንቱንም እንደዚያው። ጥፋቱ ያንተ አይደለም የሚል መልእክት ጽፌ ላክሁለት፤ ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም።

ትናንት እሑድ ነበር። ደወልሁለት፤ ስልኩ ጠራ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጠራ፤ አላነሣውም።